ወደብ በሽቦ ሲቆረጥ፦ የአልማዝ መጋዝ፣ ፈንጂ እና የክብደት ሒሳብ

ከጣት የቀጠነ ሽቦ አንድ ሜትር የሚወፍር የኮንክሪት ግድግዳ ሰንጥቆ ሲወጣ የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ በብዛት ይዘዋወራሉ። አብዛኞቹ የተቀረጹት አሮጌ ወደቦች፣ ድልድዮችና ግድቦች ሲፈርሱ ነው። እነሱን ተከትሎ የሚነሳው ወሬ ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል። አንዱ ወገን እንዲህ ያለ መሣሪያ እያለ ዛሬም በመዶሻና በፈንጂ የሚያፈርሰውን ኋላ ቀር አድርጎ ያየዋል። ሌላው ደግሞ ኮንክሪትን በአልማዝ መቁረጥ የባለጸጋ አገሮች ቅንጦት ነው ብሎ ያልፈዋል።

የሁለቱም ዓይን ያረፈው ሽቦው ላይ ነው። በወደብ ማፍረስ ሥራ ውስጥ ግን ከባዱ ነገር ሽቦው አይደለም። ሽቦው የማፍረስን ሥራ ወደ ማንሳት ሥራ ይለውጠዋል፤ ተሰባብሮ ይበተን የነበረው አካል በታወቀ ልክና በታወቀ ክብደት ተቆርጦ ይወጣል። ወጪውም፣ አደጋውም፣ የመሐንዲሱ ጭንቀትም አብሮ ወደ ክሬኑ ይዛወራል። መቼ መቁረጥ፣ መቼ ማፈንዳት፣ መቼስ እንዳለ መተው እንደሚሻል መገመት የሚቻለው ይህ ሲገባ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨው ኮንክሪትን እንዴት ይጥለዋል

አርማታ ሁለት ነገሮች ተጋግዘው የሚቆሙበት ግንባታ ነው። ኮንክሪቱ የሚጫነውን ይሸከማል፤ ውስጡ የተቀበረው ፌሮ ደግሞ መሳብንና መታጠፍን ይችላል። ፌሮው ለአሥርት ዓመታት ሳይዝግ የሚቆየው በዙሪያው ያለው ሲሚንቶ ከፍተኛ የአልካሊነት ጠባይ ስላለው ነው። የአሲድና የአልካሊ መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል፤ 7 መካከለኛው ሲሆን ጤነኛ ኮንክሪት ውስጥ ከ12 በላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ብረቱ በዓይን የማይታይ ስስ መከላከያ ይለብሳል።

የባሕር ውሃ ይህን መከላከያ የሚያፈርሰው በክሎራይድ ነው። ክሎራይድ ከጨው የሚገኝ ቅንጣት ሲሆን በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይሰርጋል። ፌሮው ጋ ሲደርስ መከላከያውን ይበሳውና ዝገት ይጀምራል። ዝገት ከበላው ብረት እጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ተጨማሪ ጨውና አየር ይገባል፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወድቃል፣ ፌሮው ፊት ለፊት ይታያል።

ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚበላው ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ክፍል ይመስለዋል። ዝገት ግን ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከውሃ በታች ኦክስጅን ስለሚያንስ ሂደቱ ይዘገያል። ክፉኛ የሚጎዳው ማዕበል የሚረጨውና ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል እርጥበትና ድርቀት የሚፈራረቁበት መካከለኛው ቀበቶ ነው። ለአፍራሹ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከላይ ሲታይ የተበሳሳ ምሰሶ ከውሃው በታች እንደ ተሠራበት ቀን ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ «አርጅቷልና በቀላሉ ይወድቃል» ተብሎ የተያዘ በጀትም እዚያ ላይ ያልቃል።

የወደብ ግንባታዎች የሚፈርሱት ግን በዝገት ብቻ አይደለም። የዘመናዊው የኮንቴይነር ንግድ መነሻ ተደርጋ የምትቆጠረው አይዲያል ኤክስ የተባለች መርከብ በ1956 ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ስትጓዝ የጫነችው 58 ኮንቴይነር ነበር። በ2021 የስዌዝን ቦይ የዘጋችው ኤቨር ጊቭን 400 ሜትር ትረዝማለች፤ በመደበኛው መለኪያ ከ20,000 በላይ ኮንቴይነር ትጭናለች። በድሮው መርከብ ልክ የተሠራ መጠጊያ፣ ማለትም መርከብ ተጠግቶ የሚራገፍበት ግድግዳ፣ ለዚህ ጥልቀት አይበቃም። የግድግዳውን ሥር ቆፍሮ ማጥለቅም አይቻልም፤ መሠረቱ ይጋለጥና ግድግዳው ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። ስለዚህ ወይ አሮጌው ፈርሶ በጥልቀት እንደገና ይሠራል፣ ወይ ወደቡ ቦታ ይለውጣል።

ጅቡቲ የመረጠችው ሁለተኛውን ነው። የዶራሌህ የኮንቴይነር ተርሚናል በ2009 ሥራ ጀመረ፤ የዶራሌህ ሁለገብ ወደብ በ2017 ተመረቀ። ከከተማው ጋር የተያያዘውን የድሮውን ወደብ ወደ ንግድ ቀጠና የመለወጥ እቅድም በይፋ ተነግሯል። የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ስለሆነ ሙቅና ጨዋማ ባሕር ዳር የቆመ አሮጌ ኮንክሪት ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሙቀት ደግሞ የክሎራይዱንም የዝገቱንም ፍጥነት ይጨምራል።

ሽቦው

ሽቦ እያልን የምንጠራው በእርግጥ ከብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች የተጎነጎነ፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር ገመድ ነው። በላዩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰኩ ዶቃዎች አሉ፤ ለኮንክሪት በሚሠራው ዓይነት በአንድ ሜትር 40 ገደማ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ዶቃ ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የብረት ቀለበት ሲሆን ገጹ ላይ ከብረት ዱቄት ጋር በሙቀት የተጋገረ የአልማዝ ብናኝ አለው። በዶቃዎቹ መካከል ያለው ቦታ በጎማ ወይም በፕላስቲክ ይሞላል። ይህ ሙሊት ገመዱን ከውሃና ከብናኝ ይጠብቀዋል፤ ዶቃዎቹም ከቦታቸው እንዳይሸሹ ይይዛቸዋል።

የቅንጦቱ ሐሜት እዚህ ላይ ይወድቃል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1954 በቤተ ሙከራው ሰው ሠራሽ አልማዝ ማውጣት ከቻለ ወዲህ ለመቁረጫና ለመሞረጃ የሚውለው አልማዝ በአመዛኙ የፋብሪካ ምርት ነው። ከጣት ቀለበቱ አልማዝ ጋር የሚያመሳስለው ካርቦን መሆኑና ጥንካሬው እንጂ ዋጋው አይደለም።

ዘዴው የተወለደው ከባሕር ርቆ፣ በእብነ በረድ ካባ ውስጥ ነው። በጣሊያን ካራራ ተራሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጠማዘዘ የብረት ገመድ ከአሸዋና ከውሃ ጋር ድንጋዩ ላይ ይሮጥ ነበር፤ ይቆርጥ የነበረው አሸዋው ሲሆን ገመዱ ተሸካሚ ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ አልማዙ ራሱ ገመዱ ላይ ተሰካ። ፌሮ ያለበትን ኮንክሪት የሚችል ዶቃ ሲገኝ መሣሪያው ከካባው ወጥቶ ወደ ድልድይና ወደብ መጣ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው እንዲህ ነው። ቆራጮቹ በመጀመሪያ ሊወጣ በታሰበው ቁራጭ ማዕዘኖች ላይ ግድግዳውን ዘልቀው የሚወጡ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ገመዱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣና ጫፎቹ በብረት ማያያዣ ይቆለፋሉ። ከመቆለፋቸው በፊት ግን ገመዱን በየሜትሩ አንድ ወይም አንድ ተኩል ዙር ያህል ይጠመዝዙታል። ይህ ካልተደረገ ዶቃዎቹ ሲሮጡ አይሽከረከሩም፤ በአንድ ጎናቸው ብቻ ይበላሉ፣ ክብነታቸውን ያጣሉ፣ ውዱ ገመድም ዕድሜው ሳይደርስ ይጣላል። ልምድ ያለውን ቡድን ከጀማሪው የሚለየው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

የተቆለፈው ቀለበት በፑሊዎች (ገመዱን በሚመሩ ትናንሽ ተሽከርካሪ ጎማዎች) እየተመራ ወደሚነዳው ትልቅ ጎማ ይደርሳል። ገመዱ በሴኮንድ ከ20 እስከ 30 ሜትር ይሮጣል፤ በመኪና ፍጥነት ሲታሰብ በሰዓት ከ70 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቁርጡ በጠለቀ ቁጥር ገመዱ ስለሚላላ ማሽኑ በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ እየሸሸ ይወጥረዋል። ያለማቋረጥ የሚፈስ ውሃ ዶቃዎቹን ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውንም ያጥባል። ቁርጡ ሊያልቅ ሲል የላይኛው ክፍል በገዛ ክብደቱ ወርዶ ገመዱን እንዳይነክሰው በተከፈተው ስንጥቅ ውስጥ የብረት ሽብልቅ ይገባል።

ከሌሎች መሣሪያዎች የሚለየው ምኑ ላይ ነው? ክብ መጋዝ ከግማሽ ስፋቱ በላይ አይጠልቅም። ሽቦ ግን ቀለበቱ እስከዞረ ድረስ የውፍረት ገደብ የለበትም። ማሽኑ ከሚቆረጠው ነገር ርቆ፣ በደረቅ መሬት ወይም በባርጅ (ጭነት በሚሸከም ጠፍጣፋ ጀልባ) ላይ ሊቆም ይችላል፤ ውሃ ውስጥ የሚገቡት ፑሊዎቹና ገመዱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግድግዳውን አይመታውም። አዲስ አበባ ውስጥ ለመንገድ ማስፋፊያ ሕንፃ ሲፈርስ አጠገብ የኖረ ሰው የኤክስካቫተር መዶሻ ወለሉን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ያውቃል። ንዝረቱ ሥራ ላይ ባለ ወደብ ውስጥ ከሆነ ጎረቤቱ መጠጊያ ሥር ያለውን አፈር ሊያሰጥም፣ በሐዲድ የሚሄዱትን ክሬኖች መስመር ሊያዛባ ይችላል። መርከብ እየተራገፈ አጠገቡ ማፍረስ የተቻለው በመጋዝ ምክንያት ነው።

ፌሮ ሲበዛ

አልማዝ ሁሉን ይቆርጣል የሚለው አባባል ብረት ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። አልማዝ ካርቦን ነው፤ ብረት ደግሞ ሲግል ካርቦንን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ዶቃው በወፍራም ፌሮ ላይ ሳይቀዘቅዝ ሲፋተግ የአልማዙ ጫፍ ይሟሟል፣ ይለዝባል። ኮንክሪት ብቻውን ሲሆን አሸዋና ጠጠሩ የዶቃውን ብረት እየበላ አዲስ አልማዝ ያወጣል፤ ፌሮው ሲበዛ ግን ይህ መሳል ያንሳል፣ ዶቃው ይዶለድማል። ቆራጮቹ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ፣ ውሃ ይጨምራሉ፣ ገመዱ ፌሮዎቹን አንድ በአንድ እንዲያገኛቸው አቅጣጫውን ያዘነብላሉ።

ከዚህ የተነሳ የድሮ ንድፍ ወረቀቶች ያላቸው ዋጋ ከሚታሰበው በላይ ነው። የወደብ ምሰሶዎችና የመርከብ ግጭት የሚቀበሉ ጠርዞች ብዙ ፌሮ ይታጨቅባቸዋል። ከ50 እና 60 ዓመት በፊት የተሠራ ወደብ ንድፉ ጠፍቶ ከሆነ ተቋራጩ የሚያጫርተው በግምት ነው። ግምቱ ሲስት አንድ ሜትር ገመድ ይቆርጠዋል የተባለውን ስፋት ግማሹን እንኳ ላይቆርጥ ይችላል።

ቁራጩን ማን ያነሳዋል

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ሁሉን ይገልጠዋል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሜትር የሆነ ቁራጭ እንውሰድ። ይዘቱ 9 ሜትር ኩብ ነው። ፌሮ ያለው ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2.5 ቶን ያህል ስለሚመዝን ቁራጩ 22.5 ቶን ይሆናል። ውሃ ውስጥ እያለ ግን የገፋው የባሕር ውሃ ክብደት ይቀነስለታል፤ ያም 9.2 ቶን ገደማ ነው። ክሬኑ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ክብደት 13 ቶን አካባቢ ነው ማለት ነው። ቁራጩ ከውሃው ወለል እየወጣ ሲሄድ የተቀነሰው 9 ቶን ይመለሳል።

ክሬኑ በባርጅ ላይ ከሆነ ይህ ለውጥ የሚመጣው ባርጁ በሚናወጥበት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የክሬን አቅም እጁ በተዘረጋ ቁጥር ይቀንሳል፤ ቅርብ ሲሆን 100 ቶን የሚያነሳ ክሬን ርቆ ሲዘረጋ የዚያን ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ሊያነሳ ይችላል። ቁራጩ ከታች ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ ደግሞ ጭቃው ይስበዋል። ለመላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከራሱ ክብደት በልጦ ሊገኝ ይችላል፤ ከተላቀቀ በኋላ ክሬኑ በድንገት ይቀልለውና ይወዛወዛል።

የቁራጩ መጠን የሚወሰነው እንግዲህ በመጋዙ አቅም ሳይሆን በክሬኑ ነው። ትልልቅ ቁራጭ ማለት ጥቂት ቁርጥ፣ ጥቂት ገመድ፣ ግን ውድ ክሬን ማለት ነው። ትናንሽ ቁራጭ ክሬኑን ያረክሰዋል፤ የቀዳዳውን፣ የገመዱንና የቀኑን ብዛት ግን ያበዛዋል። በእኔ ግምት «ሽቦ ውድ ነው፣ መዶሻ ርካሽ ነው» የሚለው ክርክር ፍሬ የማያፈራው ይህን ስለሚዘለው ነው። መዶሻም ቢሆን ውሃ ውስጥ የበተነውን ስብርባሪ ከወለሉ የሚለቅም ሌላ ማሽን ይፈልጋል፤ ያ ወጪ ብዙ ጊዜ ሌላ መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ አይታይም።

ብሬንት ዴልታ፦ ቁርጡና ማንሳቱ በአንድ ላይ

ይህን የቁርጥና የማንሳት ጋብቻ በትልቁ ያሳየው ሥራ የተከናወነው በሰሜን ባሕር ነው። ሼል የተባለው ኩባንያ ከሼትላንድ ደሴቶች በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የብሬንት የነዳጅ ሜዳ ላይ አራት ግዙፍ መድረኮች ነበሩት። ሦስቱ የቆሙት ከባሕር ወለል በተነሡ የኮንክሪት እግሮች ላይ ነበር። ከነሱ አንዱ የሆነው ብሬንት ዴልታ በ1976 ተተከለ፤ ማምረት ያቆመው በ2011 ነው።

በሚያዝያ 2017 ፓየኒሪንግ ስፒሪት የተባለው 382 ሜትር የሚረዝም መርከብ የዴልታን የላይኛ ክፍል፣ 24,000 ቶን ገደማ፣ በአንድ ጊዜ አነሣው። መርከቡ ፊቱ ሁለት የተከፈለ ስለሆነ መድረኩን መሃል አስገብቶ ያቅፈዋል። ማንሳቱ በሴኮንዶች የሚቆጠር ነበር፤ የዓለም ዜና የሆነውም እሱ ነው። ያን ያስቻለው ግን ቀደም ብሎ ሦስቱን የኮንክሪት እግሮች በአልማዝ ሽቦ የመቁረጥ ሥራ ነበር።

ችግሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እግሩ ሲቆረጥ የላይኛው ክፍል ገና እዚያው ተቀምጧል፤ ሙሉ ክብደቱም ቁርጡ ላይ ያርፋል። መርከቡ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ የሰሜን ባሕር ንፋስና ማዕበል አይቆምም። ስለዚህ ቁርጡ የተቆረጠ ቢሆንም የላይኛው ክፍል እንዳይንሸራተት የሚይዙ የብረት ድጋፎች በእግሮቹ ውስጥ መግባት ነበረባቸው። አወቃቀሩ ተቆርጦም መርከቡ እስኪመጣ የሚቆም፣ በተፈለገበት ቅጽበት ግን ያለ ተቃውሞ የሚላቀቅ እንዲሆን ይጠበቅ ነበር። ይህን በፈንጂ ማሰብ አይቻልም። ብሬንት ብራቮ በ2019፣ ብሬንት ቻርሊ ደግሞ በ2024 ተከትለዋል፤ የቻርሊ የላይኛ ክፍል 31,000 ቶን ያህል ነበር። የተነሡት መድረኮች በእንግሊዝ ቲሳይድ ወደሚገኝ የማፍረሻ ወደብ ተወስደዋል።

ፈንጂ የተመረጠበት ድልድይ

ከዚህ ተነስቶ ፈንጂ ያለፈበት ዘዴ ነው ማለት ግን መቸኮል ነው። የሳን ፍራንሲስኮና ኦክላንድን የሚያገናኘው የቤይ ብሪጅ ምሥራቃዊ ክፍል በ1936 ተከፍቶ በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተጎዳ በኋላ በ2013 በአዲስ ተተካ። የብረቱ ክፍል ተፈታ፤ ችግር የሆነው ባሕሩ ውስጥ የቀሩት የኮንክሪት መሠረቶች ነበሩ።

የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ካልትራንስ ሁለት አማራጭ ነበረው። አንደኛው በመሠረቱ ዙሪያ ኮፈርዳም መትከል ነው፤ ኮፈርዳም ማለት ውሃ የሚከለክል ጊዜያዊ የብረት ግድግዳ ሲሆን ውስጡ ደርቆ ሥራው እንደ መሬት ይሠራል። ግን ኮፈርዳሙን ለመትከል የብረት ሰሌዳዎች በመዶሻ ወደ ባሕሩ ወለል ይመታሉ፤ ድምፁ ለወራት ይቀጥላል። ሁለተኛው ማፈንዳት ነው። ካልትራንስ ሁለተኛውን መረጠ፤ ለአካባቢ ይሻላል ብሎ የተከራከረውም በዚህ ነው፤ ረጅም ጊዜ ከሚዘልቅ ሁከት የጥቂት ሴኮንድ ሁከት ይቀላል።

ኅዳር 2015 ላይ ኢ3 የተባለው ትልቁ መሠረት ፈነዳ። ፈንጂዎቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሚሊሴኮንድ እየተከታተሉ በስድስት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ተተኮሱ። መሠረቱ ባዶ ክፍሎች ስለነበሩት ስብርባሪው ወደ ራሱ ሆድ ወደቀ። ዙሪያውን በተዘረጉ ቱቦዎች ከታች የአየር አረፋ ይወጣ ነበር። የአረፋ መጋረጃ የሚባለው ዘዴ ይህ ነው፤ የድምፅ ግፊት ከውሃ ወደ አየር ሲሻገር አብዛኛው ስለሚመለስና ስለሚዳከም ከመጋረጃው ውጭ ያሉ ዓሦች የሚደርስባቸው ግፊት ይቀንሳል። ዓሣ በሆዱ ውስጥ በአየር የተሞላ ከረጢት ስላለው ለድንገተኛ ግፊት ደካማ ነው። ወቅቱም ጥበቃ የሚደረግላቸው ዓሦች በባሕሩ የሚያንሱበት እንዲሆን ተመርጧል። ሥራው በ2016 እና በ2017 በሌሎቹ መሠረቶች ላይ ቀጠለ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ለሕዝብ መመልከቻ መድረክ እንዲሆኑ ሳይነኩ ቀሩ።

ይህን ውሳኔ የሚተቹ ወገኖች ግፊቱ አጭር ቢሆንም ቅርብ ያለውን ፍጥረት ይገድላል ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ደጋፊዎቹም ስለ ዘላቂው ድምፅ ትክክል ናቸው። ሚዛኑን የሚወስነው የቦታው ሁኔታ ነው። መሠረቱ ባዶ ሆድ ባይኖረው፣ ወይም አጠገቡ የሚሠራ መጠጊያ ቢኖር፣ ስሌቱ ይገለበጥ ነበር።

መጋዝ የማይጠጋው

ሦስተኛ ዓይነት ሁኔታም አለ፤ ማንም ሊቀርበው የማይደፍረው። ነሐሴ 2020 መጀመሪያ ላይ በቤይሩት ወደብ 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ሲፈነዳ አጠገቡ የነበሩት 48 ሜትር የሚረዝሙ የኮንክሪት የእህል ጎተራዎች ክፉኛ ተመቱ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልወደቁም። ቤይሩት ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጃቸው የምትሠራበት ከተማ ስለሆነች ያ ምስል እዚህም በቀላሉ አይረሳም።

በ2022 የሊባኖስ መንግሥት ጎተራዎቹ እንዲፈርሱ ወሰነ። ከተጎጂ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ግን ፍትሕ ሳይገኝ ማስረጃውና መታሰቢያው አይነካ ብለው ተቃወሙ። መሐንዲሶች በበኩላቸው የሰሜኑ ረድፍ በየቀኑ እያዘነበለ መሆኑን በሌዘር መለኪያ ይከታተሉ ነበር። በሐምሌ ወር የቀረው እህል ቦክቶ እሳት ተነሳ፤ ከሐምሌ 31 እስከ ነሐሴ 23 ባሉት ቀናት የሰሜኑ ክፍል በየተራ ራሱ ወደቀ። በ2025 የአገሪቱ የባህል ሚኒስትር የቀሩትን በታሪካዊ ሕንፃነት አስመዘገቧቸው።

በዚህ ክርክር ውስጥ «በጥንቃቄ ይቆረጥ» የሚል መካከለኛ መንገድ ያለ ይመስላል። የሰሜኑ ረድፍ ግን ያን ዕድል አልነበረውም። ሽቦ መጋዝ ለመትከል ሰው ግድግዳው ላይ ወጥቶ መብሳት፣ ፑሊ ማሰር፣ ቁራጩን ክሬን ላይ ማንጠልጠል አለበት። አወቃቀሩ ሸክሙን በየት በኩል እንደሚያወርድ መታወቅም አለበት፤ የተሰነጠቀና የሚያዘነብል ጎተራ ላይ እያንዳንዱ ቁርጥ ሸክሙን ወዳልታሰበ ቦታ ያዞረዋል። ሽቦ መጋዝ የሚፈልገው ሊቆም የሚችል ነገር ነው። የቆመውን ለመተው የሚመርጡ ወደቦችም አሉ። በፈረንሳይ ሴን ናዜር ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሩት 480,000 ሜትር ኩብ ኮንክሪት የፈጀ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ማደሪያ ዛሬም ከተማው መሃል ቆሟል፤ ከተማዋ ማፍረሱን ትታ ጣሪያው ላይ መወጣጫ፣ ውስጡ አዳራሽ ሠራችበት።

የሚበጠስ ገመድና የሚፈስ ዝቃጭ

ሽቦ መጋዝ ጸጥ ያለ ስለሚመስል አደጋው ይዘነጋል። በዚያ ፍጥነት የሚሮጥ ገመድ ከተበጠሰ ጫፉ እንደ አለንጋ ይወረወራል፤ ከጫፉ የሚላቀቁት ዶቃዎች በጥይት ፍጥነት ሊበሩ ይችላሉ። ስለዚህ በገመዱ መስመር ሰው አይቆምም፤ ማሽኑ የሚታዘዘው ከሩቅ ነው፤ መከለያም ይተከላል። ውሃ ውስጥ ጠላቂ ዋናተኞች ገመዱን አስገብተውና ፑሊውን አስረው ይወጣሉ፤ መጋዙ የሚነሳው እነሱ ከወጡ በኋላ ነው። በቪዲዮዎቹ ላይ ከሚሮጥ ገመድ ጎን ቆሞ የሚታይ ሰው ካለ የሚያሳየው ድፍረቱን ሳይሆን የአለቃውን ቸልተኝነት ነው።

ሌላው ዝቃጩ ነው። የተፈጨው ኮንክሪት ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ፒኤቹ ወደ 12 የሚጠጋ ግራጫ ጭቃ ይሆናል፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓሣ ይገድላል። ከውሃ በላይ ሲቆረጥ ጭቃው ተሰብስቦ ሊጣራና አልካሊነቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ከውሃ በታች ግን ይበተናል። ቁርጡ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሰፋ መጠኑ ከመዶሻ ብናኝ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ውሃ በማይንቀሳቀስበት ጠባብ የወደብ ኩሬ ውስጥ እሱም ይቆጠራል። ከወጡት ቁራጮች ፌሮው ይሸጣል፤ ኮንክሪቱ ተፈጭቶ ለመሬት ሙሌት ይውላል። ለአዲስ አርማታ ግን በጨው የተነከረ ጠጠር አይመከርም፤ በሽታውን ይዞ ይሄዳል።

ከወለሉ በታች የሚቀረው

ዜናው የሚያበቃው ክሬኑ የመጨረሻውን ቁራጭ ሲያነሳ ነው። ክርክሩ ግን ስለቀረው ነው። የብሬንት የኮንክሪት እግሮች ዛሬም ባሕሩ ውስጥ ናቸው። የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገሮች የጋራ ስምምነት የሆነው ኦስፓር በ1998 ያወጣው ውሳኔ በመርህ ደረጃ ሁሉም ይነሳ ይላል፤ ለግዙፍ የኮንክሪት መሠረቶች ግን የተለየ ፈቃድ ሊሰጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሼል ይቅሩ ብሎ አቀረበ፤ ጀርመን በ2019 በማከማቻ ክፍሎቹ ውስጥ የቀረውን ዘይት ያዘለ ዝቃጭ ጠቅሳ ተቃወመች። በአሜሪካ የባሕር ነዳጅ መድረኮች ላይ የሚሠራው ደንብ ደግሞ ምሰሶዎች ከወለሉ በታች 15 ጫማ፣ ማለትም 4.6 ሜትር ገደማ፣ ወርደው እንዲቆረጡ ያዛል።

ወደብ ውስጥ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል፤ ወለሉ እየተቆፈረ የሚጠልቅ ነውና። ለምሳሌ 9 ሜትር ጥልቀት ባለው መጠጊያ ፓይሎቹ (ወደ ባሕሩ ወለል ጠልቀው የተተከሉት ምሰሶዎች) በዛሬው ወለል ልክ ቢቆረጡና ከዓመታት በኋላ ወደቡ ወደ 14 ሜትር እንዲጠልቅ ቢወሰን ጉቶዎቹ 5 ሜትር ወጥተው ይቆማሉ። ሽቦ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ብቻውን አይገባም። ወይ በፓይሉ ዙሪያ ተቆፍሮ ለፑሊው ቦታ ይሠራለታል፣ ወይ ፓይሉ ክፍት ሆድ ካለው መቁረጫው በውስጡ ይወርዳል። ቁፋሮው ከቁርጡ በላይ ገንዘብ ሊፈጅ ይችላል። በጨረታ ሰነዱ ላይ የመቁረጫው ከፍታ ከወደፊቱ የወደብ ጥልቀት ጋር ተያይዞ በቁጥር ካልተጻፈ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያቀርበው ተቋራጭ በወለሉ ልክ ቆርጦ ይረከባል፤ ሕጋዊም ይሆናል። የጉቶዎቹ ዋጋ የሚመጣው በቀጣዩ የወደብ ማጥለቅ በጀት ላይ ነው።